ቃሏን ለመፈጸም ስንት ድምፅ ያስፈልጋታል?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። አሜሪካ ውስጥ ለክፍለ ግዛት ምክር ቤት የሚወዳደረው ሰው ከእኛ አካባቢ የመጣ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምንጠይቀው የትውልድ ታሪኩን ነው። ከየት መጣ? በየት በኩል ተሰደደ? የማን ልጅ ነው? አይፈረድብንም። ዛሬ ግን ሌላውን ግማሽ፣ ቃሉን ለመፈጸም ስንት ድምፅ እንደሚያስፈልገው፣ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ለዚህም የ2016ቱ የሚኒሶታ ምርጫ ከአእምሮዬ አይወጣም።

በዚያ ምርጫ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የተወዳደረችውን የኢልሃን ኦማርን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሞቃዲሾ ተወልዳ፣ ኬንያ ውስጥ በስደተኞች ጣቢያ አራት ዓመት ያህል ኖራ፣ በ1995 አሜሪካ ገባች። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ በ14 ዓመቷ የሆነው ነው፤ አያቷ ወደ ዴሞክራቶቹ ፓርቲ የሰፈር ስብሰባ ሲሄዱ አብራ እየሄደች ታስተረጉምላቸው ነበር። ሽማግሌው ቋንቋው አልገባኝም ብለው ቤት አልቀሩም፤ ልጅቷም የአገሩን ፖለቲካ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ተማረች።

የተወዳደረችበት 60ቢ ወረዳ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲን እና ሲዳር ሪቨርሳይድን ያቅፋል። ሲዳር ሪቨርሳይድ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማርኛ ተናጋሪው በአንድ አሳንሰር የሚወጣ የሚወርድበት የረጃጅም ፎቆች ሰፈር ነው። ወንበሩን ለ44 ዓመታት የያዙት ፊሊስ ካን ነበሩ፤ በ1975 በሕዝብ ቦታዎች ማጨስን የገደበው ሕግ እንዲወጣ የታገሉ፣ ትልቅ ሥራ የሠሩ ሴት። ወረዳው የዴሞክራቶች ስለሆነ ፉክክሩ የለየለት በኦገስት፣ ኢልሃን ካንን ባሸነፈችበት የፓርቲው የማጣሪያ ምርጫ ነው። ዋናውን የኖቬምበር ምርጫ የጠበቀ ሰው ዘግይቷል።

ኢልሃን የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ይድረስ፣ የተማሪዎች የብድር ዕዳ ይቅለል፣ የፍትሕ ሥርዓቱ ይሻሻል አለች። በዚያ ወቅት የክፍለ ግዛቱ ዝቅተኛ ክፍያ ለትልልቅ ድርጅቶች ሠራተኞች በሰዓት 9.50 ዶላር ነበር። አረጋውያንን ስትንከባከብ ለምታድር እናት፣ በሰዓት የአምስት ዶላር ተኩል ልዩነት ማለት የቤት ኪራይ ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? በዚያው ዓመት በኖቬምበሩ ምርጫ ሪፐብሊካኖች የክፍለ ግዛቱን ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ፤ ሴኔቱን 34 ለ33። ኢልሃን ገና ስትገባ ፓርቲዋ አናሳ ሆነ። የ15 ዶላሩን ደንብ በ2017 ያጸደቀው የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት ነው። እርሷ በ2018 ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመረጠች፤ ወንበሩም ወደ ሞሃሙድ ኑር ተላለፈ። ከዚያ በ2022 ምርጫ የሴኔቱ ቁጥር ተገለበጠ፤ አሁንም 34 ለ33፣ ግን በዴሞክራቶቹ ወገን። በ2023 የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውም መንጃ ፈቃድ የሚያወጡበት ሕግ ጸደቀ። የዓመት ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆነ ቤተሰቦች የመንግሥት ኮሌጅ ትምህርትን ነፃ ያደረገው ሕግም የዚያው ዓመት ነው። ስንቱ ቤተሰብ ነው ለዓመታት ሲጠብቅ የኖረው! ያስጠበቀውም የጥቂት ወንበሮች ልዩነት ነው።

60ቢ ለዴሞክራቶቹ መቼም አላጠራጠረም። ሚዛኑን የደፉት ሌሎች ወረዳዎች ናቸው፤ እዚያ የሚወዳደሩትን ሰዎች ስም እንኳ ብዙዎቻችን አንጠራም። ስለዚህ ተወዳዳሪ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን፣ ወደ መስጊዳችን፣ ወደ ማኅበራችን አዳራሽ ሲመጣ ታሪኩን በፍቅር እንስማው፤ ከዚያ እንጠይቀው። ይህ ሕግ እንዲያልፍ ስንት ድምፅ ይጎድልሃል? የጎደለውስ በየትኛው ወረዳ ነው? እዚያ ማንን እንርዳ?