የቁልቁለቱ ሂሳብ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ድምፄ ደከም ቢልባችሁ የሐረጎን ዳገት በብስክሌት ወጥቼ ከተመለስኩ ገና ሁለት ሰዓት ስላልሞላኝ ነውና ይቅርታ አድርጉልኝ።

ከአንድ ወር ተኩል በኋላ እኔና የሥራ ጓደኞቼ ከደሴ ተነስተን፣ ከሚሴ ደርሰን፣ በዚያው ዕለት ለመመለስ አቅደናል። ደርሶ መልሱ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዘመድ ወዳጅ ለጨረስነው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚከፍለው ገንዘብ የኩላሊት እጥበት ለሚያደርጉ ሰዎች ወጪ ይውላል። ከመካከላቸው አንዱ አጠገቤ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ከማሽኑ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። ልምምዴን ሳማርርለት አንድ ቀን እንኳ «አይዞሽ» ሳይለኝ አልቀረም፤ እኔም ማማረሬን የተውኩት በዚሁ ነው።

መንገዱን ለማታውቁት ላስረዳ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ከከተማዋ ስትወጡ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ትወርዳላችሁ፤ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላላችሁ ማለት ነው። ከዚያ በሐርቡ አድርጋችሁ፣ የቦርከና ወንዝ ተንጣሎ የሚተኛበትን የጨፋን ሜዳ ይዛችሁ፣ 1,400 ሜትር አካባቢ ላይ ያለችው ከሚሴ ትደርሳላችሁ። በሌላ አነጋገር መሄጃው ቁልቁለት፣ መመለሻው ዳገት ነው። ትልቁ ዳገት ደግሞ ጉልበት ካለቀ በኋላ፣ በመጨረሻው ላይ ይጠብቃል።

ይህን አካሄድ በልጅነቴ አውቀዋለሁ።

በሰፈራችን ብስክሌት የሚያከራዩ አንድ ጋሼ ነበሩ። በስሙኒ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሰጡ ነበር፤ የእጅ ሰዓታቸውን ከአንጓቸው ፈትተው መዳፋቸው ላይ ነበር የሚይዙት። ስሙኒውን ከወንድሜ ጋር እኩል አዋጥተን ደቂቃውንም እኩል እንካፈል ነበር። እሱ ታላቄ ስለሆነ ይጀምራል። ብስክሌቱ የትልቅ ሰው በመሆኑ ኮርቻው ላይ መቀመጥ ስለማይችል እግሩን በአግዳሚው ብረት ሥር አሾልኮ፣ ገላውን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ እየጮኸ ቁልቁል ይፈተለካል። ጎረቤቱ ሁሉ «ገረመው ደንቦባ!» እያለ ያሞግሰዋል። እኔ በእግሬ ተከትዬ እሮጣለሁ። ታች ስደርስ «በይ፣ ተራሽ ነው» ብሎ ያስረክበኛል። የቀረኝ ሰባት ደቂቃ ተኩል ሲሆን የቀረኝ መንገድ ደግሞ ዳገት ብቻ ነው። ማርሽ የሌለውን ከባድ ብስክሌት እየገፋሁ ስመለስ ጋሼ ሰዓታቸውን እያዩ ይጠብቁኛል። ዘግይቼ ከሆነ ትርፉን ደቂቃ የሚያስከፍሉት እኔን ነው። ብስክሌት ተከራይቼ ብዙውን ጊዜ ብስክሌት ስገፋ እንደኖርኩ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

እንዲያውም ያን ጊዜ ገረመው ደንቦባ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ የፍጥነት ስም ይመስለኝ ነበር። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን፣ 187 ኪሎ ሜትር በሸፈነው የጎዳና ውድድር 24ኛ የወጣው ብስክሌተኛ መሆኑን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። የእኛ 150 ኪሎ ሜትር ከእሱ ጋር የሚወዳደር ባይሆንም፣ ርቀቱን በጭኔ መለካት ከጀመርኩ ወዲህ ያ የሰፈር ሙገሳ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይገባኛል።

ወደ ልምምዱ ስመለስ፣ ደሴ ለብስክሌተኛ አመቺ ከተማ አይደለችም። ሌላ ቦታ ሰውነታችሁን በሜዳ አሟሙቃችሁ ዳገቱን ትጀምሩታላችሁ። እኛ ግን በጠዋቱ ብርድና ጉም ውስጥ፣ ጡንቻው ሳይፍታታ፣ ፔዳል እምብዛም ሳንመታ እንወርዳለን፤ ሥራው የሚጀምረው ስንመለስ ነው። በመጀመሪያው ወር የሠራሁት ስህተትም ከዚሁ የመጣ ነው። ሐረጎን ስወርድ ፈርቼ ሁለቱንም ፍሬን ሳልለቅ ይዤ ቆየሁ። ቸርኬው ግሎ የኋላው ካላማዳሪ እንደ ጥይት ጮኸ። መሪውን እንደምንም ተቆጣጥሬ ጥግ ያዝኩ፤ ጎሚስታ እስካገኝ ድረስም እየገፋሁ ወረድኩ። ዳገት መግፋቱን ለምጄዋለሁ፤ ቁልቁለት ስገፋ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። አሁን ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርጌ እይዝና እለቃለሁ፣ እንደገና እይዝና እለቃለሁ፤ በመካከል ቸርኬው ይተነፍሳል።

ሁለተኛው ትምህርት የሆድ ነው። በጡንቻና በጉበት ውስጥ የተጠራቀመው ስንቅ ለጠንካራ ሥራ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ቢያቆይ ነው። ካለቀ በኋላ መብላት ደግሞ ለደረሰበት ዳገት አይደርስም። ስለዚህ ሳይርበኝ እበላለሁ፤ በማር የተለወሰ በሶ፣ ሙዝ፣ ጨው ጣል የተደረገበት ውሃ። ለሩቅ ጉዞ በሶ የያዙት አያቶቻችን ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁት ነበር። ዳገቱ ላይ ትንሹን ማርሽ አስገብቼ፣ ከባድ መኪኖች ጭሳቸውን እያለበሱኝ ሲያልፉ ቀና ሳልል፣ ቶሎ ቶሎ ግን በቀላሉ እመታለሁ። ዛሬ ሐረጎን ያለ እረፍት ወጥቼዋለሁ። ሁለት ቦታ ላይ መውረድ አምሮኝ ነበር፤ የኮርቻው ቁስል ሳይቀር ለመውረድ ይመክረኝ ነበር።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ቁልቁለቱን አለመውደድ ነው። ነፋሱ ፊቴን ሲመታው የዚያ የወንድሜ ጩኸት ከጉሮሮዬ ይወጣል፤ ወዲያው ግን «ይህን ሁሉ ትመለሽዋለሽ» እያልኩ እቆጥራለሁ።

ወንድሜ አሁን የሚኖረው ኮምቦልቻ ነው። ባለፈው እሑድ ደውዬ የልጅነታችንን አከፋፈል ሳነሳበት ረጅም ሳቅ ሳቀ፤ አልካደም። በጉዞው ቀን ከከሚሴ ስንመለስ ብስክሌት ተበድሮ ኮምቦልቻ ላይ ሊጠብቀኝና ሐረጎን አብሮኝ ወጥቶ ዕዳውን ሊከፍል ቃል ገብቷል። «ግማሹን ብቻ ነው ታዲያ» አለኝ፤ «ሂሳቡ ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው።» እኔ ደግሞ ከእነ ወለዱ ስንት እንደሚሆን እያሰላሁ ነው።