«ከወንጀል ነፃ» የሚለው ወረቀት ምን ይነግረናል?

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን፣ ማለዳ። ጋቢ የደረበች እናት ልጇን አቅፋ ከባጃጅ ትወርዳለች።]

ጤና ይስጥልን። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሳይለቅ ከቤት የሚወጡትን እናቶች ታውቋቸዋላችሁ። ልጁን ለሞግዚት ወይም ለሕፃናት ማቆያ ሰጥተው ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ቢሮ፣ ወደ ገበያ ይሮጣሉ። ልጁን የሚረከበው ሰውስ ማን ነው? አልጋ ላይ የዋሉ አረጋዊት እናታችንን፣ መናገር የማይችል ወንድማችንን የሚጠብቀውስ?

ድሮ መንዝም ሆነ ቡልጋ ጥያቄው አንድ ነበር፤ «የማን ልጅ ነህ?» አባቱ ይታወቃል፣ ደብሩ ይታወቃል፣ ጥፋቱም አብሮ ይታወቃል። ደብረ ብርሃን ግን ሰፍታለች። ሥራ ፈልጎ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ብዙ ነው። ከቀያቸው ተፈናቅለው ቻይና ካምፕ የተጠለሉ ቤተሰቦችም አሉ፤ ልጆቻቸው ከማንም በላይ ጥበቃ ይሻሉ። ዛሬ «የማን ልጅ ነህ» ብንል መልሱን የሚያረጋግጥልን ጎረቤት የለም።

ስለዚህ ወረቀት እንጠይቃለን።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ወረቀቶች። ካሜራው ወደ ማኅተሞቹ ይጠጋል።]

እስቲ ቀረብ ብለን እንያቸው። መታወቂያው ስሙንና አድራሻውን ይነግረናል። ዋሱ ዕቃ ወይም ገንዘብ ቢጠፋ የሚጠየቅ ሰው ነው። ክሊራንስ ማለት ደግሞ ቁልፉን፣ ወንበሩን፣ ላፕቶፑን አስረክቧል ማለት ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤውን አንብቡት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው እንዲጽፍ የሚያስገድደው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ነው። ማኅተሙ ያምራል። ስለ ልጆቹ ግን አንድ መስመር የለበትም።

ከፖሊስ በአሻራ የሚወጣው «ከወንጀል ነፃ» የሚለው ማስረጃ ይሻላል። ሞግዚትም ሆነ መምህር ሲቀጠር ቢጠየቅ እኔ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ይሁንና ማስረጃው የሚያውቀው የተመዘገበውን ብቻ ነው።

[ምስል፦ ካርታ፤ እንግሊዝ አገር]

ይህን ክፍተት እንግሊዞች በመራራ ዋጋ ነው ያዩት። ሶሃም በምትባል ትንሽ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት የ10 ዓመት ልጃገረዶች ተገደሉ። ገዳዩ የትምህርት ቤት ግቢ ጠባቂ ነበር። ከመቀጠሩ በፊት በሌላ አካባቢ ከልጃገረዶች ጋር በተያያዘ ደጋግሞ ተጠርጥሯል፤ ነገር ግን በአንዱም አልተፈረደበትም። እዚያ ያለው ፖሊስ የሚያውቀው ነገር ለቀጣሪው ትምህርት ቤት ሳይደርስ ቀረ።

በ2004 የወጣው የምርመራ ሪፖርት ይህንኑ አጋለጠ፤ በ2006 ሕግ ወጣ፤ በ2012 ደግሞ ለእንግሊዝና ለዌልስ ዲስክሎዠር ኤንድ ባሪንግ ሰርቪስ የሚባል፣ የተቀጣሪዎችን የኋላ ታሪክ የሚያጣራ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ከፍ ባለው የማጣራት ደረጃ የአካባቢው ፖሊስ ፍርድ ያላረፈበትን፣ ለሥራው ግን አስፈላጊ ነው ያለውን መረጃ ጭምር መጨመር ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ከሕፃናት ጋር እንዳይሠሩ፣ ጥበቃ ከሚሹ አዋቂዎችም ጋር እንዳይሠሩ የታገዱ ሰዎችን ሁለት ዝርዝሮች ይይዛል። የታገደ ሰው ቢቀጠር እሱም፣ እያወቀ የቀጠረውም ይጠየቃሉ።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ሌላ ግዴታ ነው። ልጅ በመጉዳቱ ሠራተኛ ያሰናበተ ድርጅት ለዚህ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት። ሠራተኛው ቀድሞ «ለቅቄያለሁ» ቢልም ግዴታው አይቀርም።

ወደ እኛ እንመለስ። ልጅ ተነካ ሲባል ምን እናደርጋለን? ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ የልጅቷ ስም እንዳይነሳ ተብሎ ነገሩ ሆድ ይፍጀው ይባላል። ሽምግልናችንን አከብራለሁ፤ ደም አድርቋል፣ ትዳር አቁሟል። ነገር ግን በወንጀል ሕጋችን ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ መፈጸም ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ነው። በካሳ ሲዘጋ ሰውየው አሻራውን ሰጥቶ ንጹሕ ወረቀት ይዞ ይወጣል፣ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል፣ እዚያም ልጆች ይሰጡታል።

[ምስል፦ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ቢሮ። እስክሪብቶ የያዘ እጅ።]

ርእሳነ መምህራን፣ የማቆያ ባለቤቶች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው። «በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ» ብላችሁ አትሸኙት። ያያችሁትን ከነቀኑ ጻፉ፣ ለፖሊስ አመልክቱ፣ ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትም አሳውቁ።

ወላጆች ደግሞ ወረቀቱን አይታችሁ አታብቁ። ደብዳቤው ላይ ወዳለው ስልክ ደውሉ። ስልኩን የሰጣችሁ ራሱ ሠራተኛው ከሆነ፣ የድርጅቱን ቁጥር በራሳችሁ ፈልጉ። ይቀየሙናል ብላችሁ አትፍሩ። «ከልጆች ጋር እንዴት ነበር?» በሉ። ቀጥላችሁም «ዛሬ ቢመለስ ልጆቹ ዘንድ ታስገቡታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስልኩን ያነሳው ሰው «እሱማ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን…» ብሎ ዝም ካለ፣ ከ«ግን» በኋላ ያለውን ሳትሰሙ ስልኩን አትዝጉ።