ጥቀርሻው ደረቅ ነው ወይስ ቅባት? ሞተር ከማውረዳችሁ በፊት

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ጓንት አላደረግኩም፤ ጣቴ ያስፈልገኛል። ይኸው የዚህች አሮጌ ኮሮላ የጭስ ማውጫ ጫፍ። ሞተሩ ቀዝቅዟል። እናንተም ሳይቀዘቅዝ እንዳትነኩ፣ ኋላ ጣቴ ተላጠ ብላችሁ እኔን እንዳትከሱ።

ጣቴን ወደ ውስጥ አስገብቼ አዞርኩት። ጥቁር ነው፣ አያችሁ? አሁን ሁለት ጣቶቼን ላሻሻቸው። ደረቅ ቢሆን ኖሮ ይረግፍ ነበር። ይኼ ግን ያሟልጫል፤ በሶፍት ስጠርገው ደግሞ ዙሪያውን ቅባት ይተዋል።

የዛሬው ወሬ በሙሉ ይኼው ነው። ደረቅ ጥቁር የነዳጅ ነው። ቅባት ያለው ጥቁር የዘይት ነው። ልድገመው፤ ደረቁ ነዳጅ፣ ቅባቱ ዘይት። መኪናዋ ካረጀች ሁለቱም አንድ ላይ ሊኖሩባት ይችላሉ፣ እሱን አልክድም። ግን ይህን እንኳ ሳይነካ "ሞተር ይውረድ" የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉና ሂዱ። እኔ አልኩ በሉት።

መጀመሪያ ዘይቱን። ፋሻ ማለት ፒስተኑን የሚከቡት ቀለበቶች ናቸው። ከታች ያለችው፣ የዘይት ፋሻ የምንላት፣ ሥራዋ ለየት ይላል። እሷን ለማስረዳት ከማሰሻ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። አዎ፣ የምጣድ ማሰሻ! ምጣዱ ሲግል እናቶች ጎመን ዘር በተን ያደርጉና በማሰሻው ያዳርሱታል። ምጣዱ ቅባት ካላገኘ እንጀራው ይጣበቃል። የሚፈልገው ግን ስስ ቅባት ነው፤ ትርፉን ማሰሻው ይዞት ይነሳል። አሁን ደግሞ ያንን ከቤቱ ጋር አብሮ ያረጀውን ማሰሻ አስቡት። ቅባት ጠጥቶ ጠጥቶ የደረቀው፣ ግድግዳ ብታስደግፉት ብቻውን የሚቆመው። ሁላችንም ቤት አለ፣ አትሸፋፍኑ። እሱ ምጣዱ ላይ ይንሸራሸራል እንጂ ምንም አያነሳም። ቅባቱ እዚያው ይቀራል፣ ይቃጠላል፣ ቤቱ በጭስ ይታፈናል፣ እኛም ዓይናችንን እያሸን ወደ ደጅ። ታዲያ ምጣዱ ተሰነጠቀ እንዴ? አልተሰነጠቀም። ምጣዱ ደህና ነው፣ የደረቀው ማሰሻው ነው።

የዘይት ፋሻም እንደዚያው። ሲሊንደሩን እየጠረገች ትርፉን ዘይት በፒስተኑ ቀዳዳዎች ወደ ታች ትመልሳለች። ዘይት በጊዜው ካልተቀየረ ካርቦን ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ፋሻዋም ትጣበቃለች። በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ኮሮላዎች ላይ ያለው ዋን ዜድ ዜድ ሞተር በዚህ የታወቀ ነው። የዘይት መመለሻው ቀዳዳ ጠባብ ነበር፤ ቶዮታ በኋላ ፒስተኑን አሻሽሎታል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ሳይበላ ሞተሩ ዘይት ሊበላ ይችላል።

ምርመራውን ፈጠን ፈጠን ልበል። ከታች የሚያንጠባጥብ ነገር የለም? ጥሩ። ዘይቱን ሜዳ ቦታ ላይ፣ ሞተር አጥፍታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ለኩ፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ እንደገና ለኩ። ብዙ የቶዮታ መመሪያዎች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ድረስ ይታገሣሉ። ለእኔ ግን ያ ቸርነት በዝቷል። ጠዋት ስታስነሱ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ ከጠፋ የቫልቭ ጎሚኒ ነው፤ ዘይት በቫልቩ ዘንግ ዳር ወደ ሲሊንደሩ እንዳይወርድ የምትይዘው ላስቲክ። ከእንጦጦ በማርሽ ወርዳችሁ ታች ነዳጅ ስትረግጡ ካጨሰች አሁንም ጎሚኒውን ጠርጥሩ። ዳገት ላይ፣ ጭነት ይዛ፣ ሳታቋርጥ ካጨሰች ፋሻ። ፒሲቪ ቫልቩን፣ የሞተሩን የውስጥ ጭስ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልሰውን፣ ግን ከሁሉም በፊት ፈትሹ፣ ርካሽ ነው። ካንዴላ፣ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ አውጡ፤ አንዱ ብቻ ቅባት ከሆነ ያንን ሲሊንደር ያዙ። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት፣ ለኩ። ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት፤ ከፍ ካለ ፋሻ፣ ንቅንቅ ካላለ ቫልቭ ወይም የቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን ማለት ነው፣ ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያው። ኮምፕሬሽኑም ደህና፣ ጎሚኒውም ደህና ሆኖ ዘይት ከጠጣች? ማሰሻው!

ቆይ ቆይ፣ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። "አዲስ አበባ ከፍታ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ እዚህ መኪና ሁሉ ጥቁር ያጨሳል፣ አታስፈራራን" የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ግማሹ እውነት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ዲኤክስ ያለህ ወንድሜ፣ ካርቡሬተርህ፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው፣ ይህን አያውቅም። ለዝቅተኛ ቦታ በተስተካከለ ቀዳዳ ነዳጁን ያፈሳል፣ አየሩ አይበቃም፣ ደረቅ ጥቀርሻ። ወደ አዋሽ ስትወርድ መኪናህ ወጣት የሚሆነው ለዚህ ነው። ግን ቪትዝ የያዝሽው እህቴ፣ አንቺ በከፍታ ማመካኘት አትችይም! ያንቺ መኪና ኮምፒውተር አላት፤ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁን ትቀንሳለች። ጥቁር ካጨሰች አንድ ነገር እየዋሻት ነው፤ ኦክስጅን ሴንሰር፣ የሚገባውን አየር የሚለካው ኤርፍሎው፣ የሚያፈስ ኢንጀክተር። በኮምፒውተር አስነብቢያት። ደግሞ ከፍታ ዘይት አይጨርስም፣ ለማንም። ጣታችሁ ላይ ቅባት ካለ እንጦጦን ተዉት።

ጥቀርሻው ደረቅ ለሆነባችሁ፣ ከምንም በፊት የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ ብርሃን ላይ ያዙት። ብርሃን ካላሳለፈ መልሳችሁ እንዳትከቱት፤ "በኮምፕሬሰር ነፋሁት" የሚል ደግሞ አይጠፋም። ዲኤክስ ከሆነች ቾኩ፣ ለቀዝቃዛ ሞተር አየር የሚቀንሰው ክዳን፣ ተዘግቶ እንዳልቀረ እዩ።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ እንጂ፣ ለዚህ የቆሸሸ ጣት ስትሉ። በሚቀጥለው ቪዲዮ የዚህችኑ ኮሮላ የቫልቭ ጎሚኒ ቴስታታ ሳናወርድ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አየር እየሞላን እንቀይራለን።