ከአንጀት ወደ አንጎል

ውድ ታዳሚዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

እዚህ ተቀምጣችሁ ስታዳምጡኝ እያንዳንዳችሁ ወደ 38 ትሪሊዮን የሚጠጉ ባክቴሪያዎች ተሸክማችኋል። አብዛኞቹ ያሉት ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። ተሰብስበው ቢመዘኑ 200 ግራም ገደማ ቢሆኑ ነው። «ሁለት ኪሎ ይመዝናሉ» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ የቆየ ግምት ነው፣ እርሱት።

ሥራ ፈት አይደሉም። እኛ መፍጨት ያቃተንን አሰር ይሰባብራሉ። ከዚያ የሚወጣው ቡቲሬት የተባለ ንጥረ ነገር የትልቁን አንጀት ግድግዳ ሴሎች ይመግባል። ቫይታሚን ኬም ያመርታሉ። ይሄ ብዙ አያከራክርም።

የሚያከራክረው ጠባያችን ላይም እጃቸው አለበት የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የጃፓን ተመራማሪዎች አንድም ባክቴሪያ የሌለባቸውን አይጦች አሳደጉ። መላወሻ በሌለው ጠባብ ቦታ ሲያስገቧቸው የጭንቀት ሆርሞናቸው ከሌሎቹ አይጦች በላይ አሻቀበ። ከባክቴሪያ ጋር የሚኖሩ አይጦችን ሰገራ ገና በልጅነታቸው ሲሰጧቸው በከፊል ረገብ አለላቸው። ካደጉ በኋላ ሲሰጧቸው ግን ወይ ፍንክች!

በ2011 ደግሞ ላክቶባሲለስ የተባለ ባክቴሪያ የተመገቡ አይጦች ፍርሃታቸው ቀነሰ። ከአንጎል ወደ ሆድ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ሲቆረጥ ግን ለውጡ ድራሹ ጠፋ። መልእክቱ የሚሄደው በዚያ መስመር ነበር ማለት ነው።

ደስ ይላል፤ ግን አይጥ ሰው አይደለም። «90 በመቶው ሴሮቶኒን የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ይሆናል። ሴሮቶኒን ከስሜታችን ጋር የሚያያዝ ኬሚካል ነው። አባባሉ እውነት ነው። ያ ሴሮቶኒን ግን ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ይህቺን ነገር ሻጮቹ ይዘሏታል።

ሰው ላይ የተረጋገጠውን ልንገራችሁ። አንቲባዮቲክ ጠቃሚውንም ጎጂውንም ጠራርጎ ሲያወጣ፣ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ ሜዳውን ለብቻው ያገኘዋል። ከባድ ተቅማጥ ያስከትላል፣ ሊገድልም ይችላል። በ2013 የኔዘርላንድ ሐኪሞች የጤነኛ ሰው ሰገራ በጥብጠው በቱቦ ወደ ታማሚዎቹ አንጀት አስገቡ። አዎ፣ ሰገራ። አፍንጫችሁን አትያዙ! ከ16 ሰዎች 15ቱ ዳኑ፤ 13ቱ ገና በመጀመሪያው ሙከራ። ቫንኮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት 4 ናቸው።

ለድብርትና ለጭንቀት እንዲህ ቁርጥ ያለ ውጤት ገና አልተገኘም። «ስሜት የሚያስተካክል ባክቴሪያ» የሚል ብልቃጥ ሊሸጥላችሁ የመጣ ሰው ካለ፣ አይጥ ላይ ነው ሰው ላይ የተሞከረው፣ ስንት ሰው ላይስ ብላችሁ አፋጡት።

አሁን ደግሞ እኔን አፋጡኝ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።