የታላቋ ዚምባብዌ ግንብ ባለቤቶች

ክቡራን እንግዶች፣ የታሪክ ክበባችን አባላት፣ እንደምን አመሻችሁ!

አዘጋጆቹ «የጠፉ ሥልጣኔዎች ምስጢር» በሚል ርእስ እንድናገር ጋብዘውኛል። አመሰግናለሁ፤ የመጣሁት ግን ርእሱን ልሟገተው ነው። የምታውቁኝ ሰዎች ወዴት እንደማመራ ገብቷችኋል፤ ወደ ታላቋ ዚምባብዌ ነው፤ በደቡባዊ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ ወዳለው የጥንት የድንጋይ ከተማ ፍርስራሽ።

እ.ኤ.አ. በ1871 ካርል ማውኽ የተባለ ጀርመናዊ አሳሽ ከፍርስራሹ ደረሰ። ከበሩ ጉበን ስንጣሪ ቆርጦ ወሰደ፤ አየው፣ አሸተተው፣ ከእርሳሱ እንጨት ጋር አስተያየው። መልኩም ሽታውም አንድ ሆነበት። እንግዲህ ይህ አርዘ ሊባኖስ ነው፤ አርዘ ሊባኖስ ከሆነ ያመጡት የጥንቶቹ የሊባኖስ ባሕርተኞች ፊንቄያውያን ናቸው፤ ፊንቄያውያን ከመጡ ደግሞ ያሠራችው ንግሥተ ሳባ ናት! ንግሥቲቱን የምትወዱ አትቆጡኝ፤ እኔም እወዳታለሁ። እንጨቱ ግን እዚያው አገር የሚበቅል ዛፍ ነበር።

ቁመቱ እስከ 11 ሜትር የሚደርሰውን፣ ያለ ኖራና ያለ ጭቃ የተካበውን ያንን ግንብ የሠሩት የሾና ሕዝብ ቅድመ አያቶች ናቸው። ማውኽ እንጨት ሲያሸት በገዛ አገሩ በ1248 የተጀመረው የኮሎኝ ካቴድራል ገና ተሠርቶ አላለቀም ነበር። «ይህንንስ ከየት የመጡ እንግዶች ጀመሩት?» ያለ ሰው አለ? አንድም!

የባሰው ቀጥሎ መጣ። በ1902 የቦታው ጠባቂ ሆኖ የተሾመው ሪቻርድ ሆል «የጥንቱን» ሥራ ላውጣ ብሎ ላይኛውን አፈር አስጠርጎ አስጣለ። አፈሩ የአፍሪካውያን ቆሻሻ ነው ባይ ነበር። የሠሪዎቹ ማስረጃ ያለው እዚያው ቆሻሻ በተባለው ውስጥ ነበር! ተጠርጎ የተጣለ ንብርብር ደግሞ ዳግመኛ አይቆፈርም። አርኪኦሎጂስቶቹ ራንዳል ማኪቨር በ1905፣ ገርትሩድ ኬተን ቶምሰን በ1929 ከተረፈው ቆፍረው ሥራው የአፍሪካውያን መሆኑን አረጋገጡ። የሮዴሺያ፣ ማለትም የያኔዋ ዚምባብዌ፣ የነጮች መንግሥት ግን አልተዋጠለትም፤ ይህንኑ የጻፈው አርኪኦሎጂስት ፒተር ጋርሌክ በ1970 አገሩን ለቆ ወጣ። ወገኖቼ፣ «ተረት ነው፣ ማንን ይጎዳል?» የምትሉኝ፣ ይኸው የጎዳው! መሬት ለነጠቀ መንግሥት ታሪክ መንጠቂያ ሆኖለታል!

ሌላውን ባጭሩ ልለፈው። ባሕር ውስጥ ሰጠመች የምትባለውን ደሴት አትላንቲስን ከግሪካዊው ፈላስፋ ከፕላቶን ድርሰት አውጥቶ እውነተኛ ታሪክ ነው ብሎ በ1882 ያስፋፋው ኢግናሺየስ ዶኔሊ ነው፤ አሜሪካዊ ፖለቲከኛ። የጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ደግሞ የሥራ መዝገብ አለው። በ2013 በቀይ ባሕር ዳርቻ በዋዲ አል ጃርፍ በተገኙት ፓፒረሶች ላይ ሜረር የተባለ የሠራተኞች አለቃ ከቱራ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ጭኖ ወደ ጊዛ ማድረሱን ቀን በቀን አስፍሮታል።

ለአዘጋጆቹ አንድ አቤቱታ አለኝ። ባለፈው ወር እዚሁ አዳራሽ የታየው ፊልም ፒራሚዱን ከሰማይ ለወረዱ ፍጡራን ሰጥቶ የሜረርን ስም አንዴ እንኳ ሳያነሳ አለቀ። ዳግመኛ የሚታይ ከሆነ የቁፋሮ ባለሙያ አብሮ ይጋበዝ፤ እኩል ሰዓትም ይሰጠው።

አመሰግናለሁ።