ስቴጅ ዜሮ

እየቀዳ ነው? እሺ፣ እየቀዳ ነው። ከኋላ የምትሰሙት ጩኸት ሽማግሌው ኮምፒውተሬ ነው። አዎ፣ አልጣልኩትም። ማራገቢያው እንዲህ ሲጮህ ሥራ ይዟል ማለት ነው፤ ረስት የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከሶርስ ኮዱ ኮምፓይል እያደረገ ነው፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው ፕሮግራም እየቀየረ። "አምስት ደቂቃ ብቻ" ብዬ ነው የጀመርኩት። ሳቁ፣ ግድ የለም።

ግን የከነከነኝ ፍጥነቱ አይደለም። አንዲት መስመር ናት።

ሶርስ ኮዱን አወረድኩ። ፎልደሩ ውስጥ ገባሁ። ኤክስ ዶት ፓይ ቢልድ ብዬ የመሥሪያ ትእዛዙን ጻፍኩ፣ ኢንተር መታሁ፣ እጄን አጣጥፌ ተደገፍኩ። በቃ፣ ይሄ ረስት እዚሁ፣ እኔ ፊት የሚወለድ ነው ብዬ። የመጀመሪያዋ መስመር ምን ብትል ጥሩ ነው? ዳውንሎዲንግ። ገና አንድ ፋይል እንኳ አልነካም እኮ! ሌላ ቦታ፣ ሌላ ማሽን ላይ ተሠርቶ ያለቀ ኮምፓይለር እያወረደ ነው። ስሙ ስቴጅ ዜሮ።

እንደዚህ እንደሚሆን አውቅ ነበር። ረስት የተጻፈው በረስት ነው። ስቴጅ ዜሮ ስቴጅ አንድን ይሠራል፣ ስቴጅ አንድ ስቴጅ ሁለትን። አውቄው ሳለ፣ ሳየው ግን... እንጃ። ቅር አለኝ።

ሚጣ ደግሞ ከጀርባዬ ቆማለች። "ጋሼ፣ ራስህ ልትሠራው አልነበር እንዴ?"

"እየሠራሁ ነው።"

"ታዲያ ምን ታወርዳለህ?"

"መሥሪያውን።"

"እሱንስ በምን ሠሩት?"

"ከሱ በፊት በነበረው።"

"እሱንስ?"

ሚጣን ታውቋታላችሁ፣ አትለቅም። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያልን ወደ ኋላ ሄድን። ረስት ግሬደን ሆር እ.ኤ.አ. በ2006 በትርፍ ጊዜው የጀመረው ቋንቋ ነው። የመጀመሪያው ኮምፓይለር የተጻፈው ኦካምል በሚባል ሌላ ቋንቋ ነበር። ራሱን በራሱ ኮምፓይል ያደረገው በ2011 ነው። "ኦካምልንስ?" አለች። ሂጂ ተኚ አልኳት። የኦካምል ኮምፓይለርም በኦካምል ነው የተጻፈው። አልነገርኳትም።

ከዚያ እንቅልፍ የለም። ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምፕሰን ትዝ አለኝ፣ የ1984ቱ ጽሑፉ። ኮምፓይለሩ ውስጥ ተንኮል ትከታለህ፤ ኮምፓይለሩ ራሱን በሠራ ቁጥር ተንኮሉን ይደግመዋል። ሶርስ ኮዱን ብታነበው ንጹሕ ነው። ምንም የለም። እኔ ደግሞ ሶርሱን ስላየሁ ብቻ ልቤ የሚያርፍ ሰው ነኝ!

ተጠልፌያለሁ እያልኩ አይደለም፣ እንዳትስቁብኝ። የሚወርደው ፋይል ቼክሰሙ፣ የጣት አሻራው በሉት፣ ይመሳከራል። ከምን ጋር? እዚያው ሶርስ ኮድ ውስጥ ካለው ዝርዝር ጋር። እ... ኤምረስትሲ የሚባል፣ ሲ ፕላስ ፕላስ በተባለ ሌላ ቋንቋ የተጻፈ የረስት ኮምፓይለርም አለ፣ በሱ በኩል ዞሮ መምጣት ይቻላል። እሱን ግን በምን ኮምፓይል ላድርገው? በጂሲሲ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለሩ። ጂሲሲንስ? ይኸው፣ እኔም ሚጣን ሆንኩ።

ምናልባት ነገሩ ያን ያህል... ማለቴ፣ ሽማግሌውን ራሱ መቼ እኔ ሠራሁት? ቺፑን እንደሆነ ከፍቼም...

ቆይ። ማራገቢያው ዝም አለ።

ትናንትም እንዲሁ ጸጥ ብሎ ነው፣ ቁርጥራጮቹን ሊያገጣጥም፣ ሊንክ ሊያደርግ ሲል ሜሞሪ አለቀበትና ከርነሉ፣ የሲስተሙ እምብርት፣ "ኪልድ" ብሎ አሰናበተው። ለዚያ ነው ዛሬ ጄ ሁለት ያልኩት፣ በአንዴ ሁለት ሥራ ብቻ ይያዝ፣ ቀስ ይበል ብዬ። ወይስ ጨርሶ ነው? ቆይ ልየው... ሚጣ? አንቺ ነሽ የነካሽው?