ከማሳችን ሥር ስላለው ውሃ
(በሸዋሮቢት ለመስኖ ተጠቃሚዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚ ማኅበራት አባላት፣ የውሃ አባቶች፣ የልማት ሠራተኞች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

በቀወትም ሆነ በኤፍራታና ግድም ቆላ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የምንከራከረው ወደ ማሳ ስለሚገባው ውሃ ነው፤ ተራው የማን እንደሆነና ቦዩን ሌሊት ማን እንደሰበረው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ከማሳ መውጣት ስላለበት ውሃ ነው።

ጥሩ የሚባል የመስኖ ውሃም ጨው አያጣም። በሊትር ግማሽ ግራም የሟሟ ጨው ያለበትን ውሃ ብንቀምሰው ላናውቀው እንችላለን፤ ከዚሁ ውሃ 5,000 ሜትር ኩብ የጠጣ አንድ ሄክታር ማሳ ግን 25 ኩንታል ጨው ተቀብሏል። ውሃውን ሰብሉና ፀሐይ ይወስዱታል፣ ጨው ይቀራል። የክረምቱ ዝናብ አጥቦ ሊያወርደው ይችላል፤ ታች መውጫ ካገኘ ነው ታዲያ። መውጫ ከሌለ ከሥር ያለፈው ትርፍ ውሃ እየተጠራቀመ የከርሰ ምድሩን ውሃ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ይህም ከምድር ገጽ ሁለት ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ ሁሉ፣ አፈሩ ውሃውን ከነጨው ይስበዋል።

ወንዞቻችን ወደሚወርዱበት አዋሽ ሸለቆ ብንመለከት፣ በአሚባራ የጥጥና የሙዝ እርሻዎች የደረሰው ይኸው ነው፤ ውሃ በብዛት ገባ፣ ማንጣፈፊያው፣ ማለትም ትርፍ ውሃን ከማሳ የሚያስወጣው ቦይ፣ አልተከተለም፣ ሰፊ መሬት ጨው በልቶት ተጣለ። ልብ በሉ፣ ጥጥ የአፈር ጨዋማነት እስከ 7.7 ዴሲሲመን በሜትር (ይህ የጨዋማነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጨው በዛ ማለት ነው) ቢደርስ ምርቱ ብዙም አይቀንስም፤ የእኛ ሽንኩርት ግን ከ1.2 ጀምሮ መቀነስ ይጀምራል። ጥጥን ያሸነፈ ጨው ሽንኩርትን ምን እንደሚያደርገው መገመት አያዳግትም።

ምልክቱ ውሃው ከሚሄድበት የትልም ወለል ይልቅ በመደቡ ጫፍ ላይ፣ ሲደርቅ ነጭ ብናኝ ሆኖ ይታያል፤ የቅጠሉም ጫፍ ይቃጠላል። ብዙዎቻችን ይህን ጥማት ነው ብለን ውሃ እንጨምራለን፤ መውጫ በሌለበት ማሳ ግን ችግሩን የሚያብሰው ይኸው ነው። ጂፕሰም የሚባለው የማዕድን ዱቄት ይበተን የሚሉም አሉ፤ ጂፕሰም የሚረዳው ሶዲየም የበዛበትን አፈር ነውና ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ ገንዘባችሁን አታውጡ። ከጉድጓድ በፓምፕ የምትስቡም የውሃውን ጨዋማነት ሳታስለኩ አታጠጡ።

አዋጅ ቁጥር 841/2006 ማኅበራትን ያቋቋመው ውሃ ለማከፋፈል ብቻ አይደለም፤ ማንጣፈፊያውም የእናንተው ኃላፊነት ነው። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው፤ በደለል የተደፈኑትና አንዳንዱ ባለማሳ እያረሰ የገባባቸው የማንጣፈፊያ ቦዮች ከመጪው ክረምት በፊት እንዲጠረጉ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ማኅበር በዝቅተኛው ማሳው ላይ ጎኑ የተበሳሳ የሦስት ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ቀብሮ በየ15 ቀኑ የውሃውን ጥልቀት በገመድ እየለካ በመዝገብ እንዲይዝ። ቱቦው እንዴት እንደሚበሳና በአሸዋ እንደሚከበብ ከሻይ ዕረፍት በኋላ በውጭ እናሳያችኋለን፤ የውሃ አባቶች ቦታ መርጣችሁ ጠብቁን።